ስብሰባ ላይ ተስማምተን ማኪያቶ ላይ የምንቃወመው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ቡድን መሪ ከሆንኩ ስድስት ወሬ ነው። ሰኞ ሰኞ የማኔጅመንት ስብሰባ አለን። ዳይሬክተራችን ሐሳባቸውን ያቀርባሉ፤ ‹አስተያየት ያለው?› ይላሉ፤ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። ወጥተን ማኪያቶ ስናዝ ግን ዕቅዱ እንደማይሠራ ሁላችንም እናወራለን። ባለፈው ወር አንድ ውሳኔ ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ዝም አልኩ። እስካሁን ይከነክነኛል። የገረመኝ ደግሞ እኔም የራሴን ቡድን ስሰበስብ ስምንቱም ዝም ይሉኛል። ፖለቲካውም ያው ነው። ከወንድሜ ጋር እንኳ ስለ አገር ማውራት አቁመናል። ችግሩ መሪዎቻችን ናቸው ወይስ እኛ? ዝም ማለቴስ አድርባይ ያሰኘኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አድርባይ አይደለሽም። አድርባይ በዝምታው ያተርፍበታል እንጂ አይከነክነውም። አንቺን ወር ሙሉ ሲከነክንሽ ከርሟል። ቢሆንም ዝምታሽ ዋጋ አስከፍሏል። የከፈለው ደግሞ አንቺም ዳይሬክተርሽም አይደላችሁም። መስኮት ላይ ቆሞ «ነገ ተመለስ» የሚባለው ባለጉዳይ ነው።

መሥሪያ ቤቶችን በአመራርና በውሳኔ አሰጣጥ ማሠልጠን ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር፣ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ብዙ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የመንግሥት ቤትም፣ ባንክም፣ የግል ድርጅትም ያው ነው። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። አለቃው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እሱ ይናገራል፤ ሌላው ማስታወሻ ይይዛል። ከዚያ ደረጃውን ወርደው ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ጋ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ እውነተኛው ስብሰባ ይጀመራል። እዚያ የሚሰማው ትንተና ጥልቅ ነው። በጀቱ የት ላይ እንደሚያጥር፣ ሥራው ማን ጋ ሲደርስ እንደሚቆም፣ ሁሉም ይታወቃል። ስለዚህ «የእኛ ሰው አያስብም» ሲሉኝ አልቀበልም። ያስባል። የሚያስበውን የሚናገረው ግን ውሳኔ በማይወሰንበት ቦታ ነው።

ድሮ ችግሩ የድፍረት ማነስ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ሕዝብ የሚያገለግል አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመምሪያ ኃላፊ ነበርኩ። የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ልንገዛ ወሰንን። ስብሰባውን የመራሁት እኔ ነኝ። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ጡረታ ሊደርሳት ጥቂት የቀራት ነበረች፤ ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላት። የተጠራችው ዕቃው ሲገባ እንድትረከብ ብቻ ስለሆነ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። መሃል ላይ እርሳሷን በጣቶቿ መሃል እንደያዘች እጇን በትንሹ ከፍ አደረገች።

«ወረቀቱስ?» አለች።

«የምን ወረቀት?»

«ማሽኑ የሚያትምበት ጥቅልል። እኛ ገበያ ላይ የለም። መርካቶ ወርጄ ጠይቄያለሁ።»

ሰዓቴን አየሁ። «እሱ ዝርዝር ጉዳይ ነው፤ በኋላ እናየዋለን» አልኳት። እሷም እርሳሷን ደብተሯ መሃል ከተተችው። ደብተሩን ዘጋችው። ሁለት እጇን ላዩ ላይ አደረገች። እስከ ስብሰባው መጨረሻ እጆቿ ከዚያ አልተነሡም።

ማሽኑ መጣ። አብሮት የመጣው ወረቀት እስኪያልቅ አምስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ ላዩ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆመ፤ በር ላይ ያለው ጥበቃም እንደ ድሮው ቁራጭ ካርቶን ላይ ቁጥር እየጻፈ ማደል ጀመረ። ከሁሉ ያመመኝ በኋላ የሰማሁት ነው። ስለ ወረቀቱ ሦስት ሰዎች ያውቁ ነበር። አንደኛው የግዥ ባለሙያው ራሱ ነው። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «እትዬን ሲያቋርጧት አየን እኮ» አለኝ።

ይህን መልስ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ። ሰው ለመናገር ወይም ዝም ለማለት የሚወስነው «አስተያየት ያለው?» በሚለው ጥያቄ አይደለም። ከእሱ በፊት የተናገረው ሰው ምን እንደደረሰበት አይቶ ነው። እኔ አልተቆጣሁም፣ አልሰደብኩም፣ ማንንም አልቀጣሁም። ሰዓት አየሁ፤ በቃ። አሥራ አንድ ሰው ትምህርቱን ወሰደ።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ሰለሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። ሰዎችን በቡድን አስቀምጦ አንድ መስመር አሳያቸው። ከሌሎች ሦስት መስመሮች መካከል ርዝመቱ ከዚህ ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። ልጅም የሚመልሰው ነው። ከአንዱ በቀር ሁሉም ቀድመው የተነገራቸው ነበሩ፤ ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሰጡ። የተሞከረበት ሰው ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል፣ ዓይኑ እያየ፣ ከእነሱ ጋር ተሳሳተ። ለአንቺ ግን የሚጠቅመው ቀጥሎ ያለው ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር ስህተቱ ወደ 5 በመቶ ገደማ ወረደ። አንድ ሰው ብቻ። እትዬ ያን ቀን ያ አንድ ሰው ነበረች።

ዋጋው ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሲቀርስ? እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 የካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ቴነሪፍ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጉም ወርዶ ነበር። የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አብራሪ ለመነሣት መንደርደር ጀመረ። የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም አውሮፕላን ገና ከመንደርደሪያው አልወጣም ነበር። የኬኤልኤሙ ካፒቴን በድርጅቱ የተከበረ፣ ሌሎችን የሚያሠለጥን፣ ፎቶው ማስታወቂያ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። የበረራ መሐንዲሱ ጥርጣሬ ገባውና ያ ፓን አም አልወጣም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ እርግጠኛ ሆኖ ወጥቷል አለው። መሐንዲሱ ደግሞ አልጠየቀም። 583 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ አደጋና ከሌሎች መሰል አደጋዎች በኋላ የአቪዬሽን ዘርፉ ያደረገውን ልብ በይልኝ። «ረዳቶች ሆይ ደፍራችሁ ተናገሩ» ብሎ ምክር ሰጥቶ አልቀረም። ሥርዓት ሠራ። ረዳቱ በምን ቃል እንደሚያስጠነቅቅ፣ ካልተሰማ እንዴት እንደሚያጠነክረው፣ ካፒቴኑም ሲነገረው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስተምር ሥልጠና ዘረጋ። ዛሬ አብራሪዎች በዓለም ዙሪያ ይህን ይማራሉ። አለቃው መስማትን እንደ አንድ የሙያ ክፍል ይሠለጥንበታል።

አሁን «ይህ እዚያ ይሠራል፣ እኛ ዘንድ ግን ባህላችን ታላቅን ማክበር ነው» ትይኝ ይሆናል። ብዙ ሰው ይለኛል። እኔ ባህላችንን እንዲህ አሳንሼ ማየት አልችልም። በላ ልበልሃን እናስታውስ። ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ በግጥምና በምሳሌ፣ አንዱ የሌላውን ማስረጃ እየነቀሰ ይሟገቱ ነበር። ማየት፣ መስማት፣ ምስክር፣ ዋስ፣ ሁሉም ይጠየቃል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል፤ አንዳንዴም ራሱ ዳኛ ተደርጎ ይቀመጣል። አመክንዮን ለሕዝብ ጨዋታ ያህል የሚወድ ሕዝብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሸንጎ የጻፈው ደግሞ የበለጠ ያስደንቀኛል። ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው ከታችኛው ሹም ነው። ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል። የንጉሡ ቃል፣ ቃለ ሐጼ በሚባለው ሹም አፍ፣ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ንጉሡ ቀድሞ ከተናገረ በኋላ ሌላ ሐሳብ የሚያቀርብ ማን አለ? «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» በሚባልበት አገር፣ ንጉሡ እውነት ለመስማት ሲል የራሱን አፍ ወደ ኋላ አስቀመጠ። ይህ አክብሮትን አልቀነሰም። ለአክብሮት ቦታ ሰጠው፤ ለእውነትም ሰጠው።

ያጠፋን ባህላችን ሳይሆን የቅርቡ ታሪካችን ይመስለኛል። ሂስና ግለ ሂስ፣ ግምገማ፣ ስብሰባ ላይ ሰውን አስነሥቶ መሞገት፤ ይህን ያየ ትውልድ «አስተያየት ስጡ» ሲባል የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሚመዘነው ሐሳብ አልነበረም፤ ሰውዬው ነው። ስለዚህ ዛሬም «ይህ ዕቅድ ጉድለት አለው» ስትዪ አለቃሽ የሚሰማው «አንተ ጉድለት አለብህ» የሚለውን ሊሆን ይችላል። ክፋት ሆኖበት አይደለም። ጆሮው እንደዚያ ተገርቷል። አንቺም ስትናገሪ ይህን ማወቅ አለብሽ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከራስሽ ቡድን ጀምሪ። ዳይሬክተርሽን መለወጥ በእጅሽ አይደለም፤ ስምንቱ ሰዎች ግን በእጅሽ ናቸው። ደግሞ አንቺ ለእነሱ ምን እንደምትመስዪ አስቢ። ከሰኞው ስብሰባ ወርደሽ ስትመጪ የዳይሬክተሩን ውሳኔ ይዘሽላቸው ትመጫለሽ። «እንዲህ ተብሏል፣ አስተያየት አለ?» ትያቸዋለሽ። ያለቀ ነገር ላይ አስተያየት የሚሰጥ የለም።

ዓርብ ከሰዓት በቴሌግራም ሁለት መስመር ላኪላቸው። ጉዳዩ ምን እንደሆነና ገና ያልተወሰነው ምን እንደሆነ። «ያልተወሰነ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ስብሰባው ላይ ከንግግር በፊት ብጣሽ ወረቀት አድዪ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ከስድስት ወር በኋላ ይህ ሥራ ከሽፏል እንበል። ምን ሆኖ ነው የከሸፈው?» ጋሪ ክላይን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፋፋው ዘዴ ነው። እኛ አገር ከሌላውም በተሻለ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ማንም ማንንም አልተቃወመም። ዕቅዱ መክሸፉን የተናገርሽው አንቺ ነሽ፤ እነሱ ምክንያቱን ብቻ ነው የሚነግሩሽ። ያቺ ማኪያቶ ላይ የምትወጣው ትንተና ወረቀቷ ላይ ትወርዳለች። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስቱ ባዶ ወረቀት ቢመልሱልሽ አይክፋሽ። እየፈተኑሽ ነው።

ከዚያ ሲናገሩ ከአዲሱ ሠራተኛ ይጀመር። አንቺ መጨረሻ። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው፤ አፍሽን ይበላሻል። ሐሳብሽን ዋጥ አድርጊው። ፊትሽንም ጭምር፤ መነቀነቅ፣ ፈገግ ማለት፣ ስልክ ማየት ሁሉ ንግግር ነው። እኔ በሰዓት ነው የተናገርኩት።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ሲመጣ ግን ሁሉም የሚያየው አንቺን ነው። ያን ጊዜ «አመሰግናለሁ» ብቻ አይበቃም። ሰሌዳው ላይ በራሱ ቃል ጻፊው። «በምን አየኸው?» ብለሽ ጠይቂው። ቢቻል በዚያው ቀን አንድ ነገር ለውጪበት፤ ካልተቀበልሽው ደግሞ ምክንያቱን በሁሉም ፊት ንገሪው። ሐሳቡን አለመቀበል አያስቀይምም። ሐሳቡ የት እንደገባ አለማወቅ ነው የሚያስቀይመው።

አንዳንዴም ክፍሉን ለቀሽ ውጪ። እውነቴን ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1961 ወደ 1,400 የሚጠጉ ኩባውያን ስደተኞችን ኩባ ላይ ያሳረፈውን ዘመቻ ሲያጸድቅ፣ አማካሪው አርተር ሽሌሲንገር ዘመቻውን በጽሑፍ ተቃውሞ ነበር። ስብሰባው ላይ ግን ዝም አለ፤ ኋላም በዝምታው መጸጸቱን ጽፏል። ዘመቻው ሦስት ቀን ሳይሞላው ከሸፈ። በቀጣዩ ዓመት ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ ሚሳይል በመትከሏ ቀውስ ሲመጣ ኬኔዲ አሠራሩን ለወጠ። አማካሪዎቹ በነጻነት እንዲከራከሩ ብሎ ከአንዳንድ ስብሰባዎች ራሱ ቀረ። አንቺም «እኔ ሻይ ልጠጣ፤ ሃያ ደቂቃ ተነጋገሩና ሦስት ሥጋት ጽፋችሁ ጠብቁኝ» ማለት ትችያለሽ።

አሁን ወደ ዳይሬክተርሽ። እዚህ ላይ ቃላቴን እመጥናለሁ፤ ምክንያቱም የሚቆረጠው እንጀራ ያንቺ እንጂ የእኔ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የቤተሰብ ወጪ ያለበትን ሰው «እውነቱን ተናግረህ ተባረር» ብሎ መምከር ኃላፊነት የጎደለው ነገር ነው። ደግነቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው በዝምታና በመባረር መካከል አይደለም። መሃሉ ሰፊ ነው።

በሰው ፊት አትጀምሪ። ከስብሰባው በፊት ቢሯቸው ግቢ። ዓላማቸውን በራሳቸው ቃል አስቀድሚ፤ ከዚያ ያየሽውን ተናገሪ፤ በጥያቄ ጨርሺ። እንዲህ፦ «አምስት ደቂቃ ቢሰጡኝ። እርስዎ የፈለጉት የባለጉዳዩ ምልልስ እንዲቀንስ ነው፤ እኔም እሱን ነው የምፈልገው። አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። አራተኛው መስኮት ላይ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ቆጥሬ ነበር፣ በቀን ከ60 ፋይል በላይ አትጨርስም። አዲሱ አሠራር 90 ይልክላታል። እንዴት ብናደርገው ይሻላል ይላሉ?» እዚህ ውስጥ «ተሳስተዋል» የሚል ቃል የለም። ግን ያልተነገረ ነገርም የለም። ከሁሉ በላይ «ቆጥሬ ነበር» የምትለዋን ያዢ። «እንደሚመስለኝ» ከሚለው ጋር አለቃ መከራከር ይችላል፤ ከቆጠራ ጋር ግን ይከብደዋል። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት በእውነት ቁጠሪ።

አንድ ሌላም ነገር አጣሪ። አለቃሽ የተናገሩት ምን ነበር? የእኛ ቢሮዎች ውስጥ ግስ ወደ ታች ሲወርድ ይከብዳል። ላይ ያለው «እስቲ ይህም ቢታይ» ይላል። ምክትሉ ጋ ሲደርስ «ይታይ» ይሆናል። መምሪያው ጋ «ይደረግ»። አንቺ ጋ ሲደርስ «ታዟል»። ብዙ ጊዜ «የበላይ ትእዛዝ ነው» ተብሎ ሁለት ዓመት የተሠራበት ነገር መነሻው ሲፈለግ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያሰበው ሐሳብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የአንድ ግስን ክብደት እኛ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይቻላታል የሚል ነበር፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። «ይቻላል» እና «አለበት»። በዚያ ልዩነት የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። እንግዲህ ማስታወሻ ሲደርስሽ ግሱን ሁለቴ አንብቢ። ካልገባሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

የማይታለፍም አለ። ሕግ የጣሰ ሰነድ ላይ ፈርሚ ከተባልሽ፣ ያልገባ ዕቃ ገብቷል በይ ከተባልሽ፣ ያ የአስተያየት ጉዳይ አይደለም። አትፈርሚ። ለምን እንዳልፈረምሽ በጽሑፍ አስቀሪ፤ ቅጂውን ያዢ፤ የሕግ ሰው አማክሪ። ጉዳዩ ከባድ ወንጀል ከሆነ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ብቻሽን በስሜት አትሩጪበት፤ ግን መኖሩን እወቂ።

ኮሪደራችሁ ላይ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች በፍሬም ተሰቅለው ይሆናል። ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ሐቀኝነት፣ ከአድልዎ ነጻ መሆን እያለ ይቀጥላል። ሥልጠና ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ከእነዚህ አንዱን ለመጠበቅ ስትሉ በዚህ ዓመት ያጣችሁት ነገር ምንድን ነው?» አዳራሹ ረጭ ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ሹፌር ብቻ እጁን አወጣ። ኃላፊው የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለሠርግ ስጠኝ ብሎት እንቢ አለ፤ ለሁለት ወር የትርፍ ሰዓት ሥራ አልተሰጠውም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ መርሆው ያለው ፍሬሙ ላይ አልነበረም፤ ሹፌሩ ጋ ነበር። የሚያሳዝነኝ ግን ከመቶ ሰው አንዱ ሹፌር ብቻውን ዋጋ መክፈሉ ነው። የመሪ ሥራ ይህን ዋጋ ማርከስ ነው። እውነት መናገር ጀግንነት የሚጠይቅበት ቢሮ ውስጥ እውነት የሚናገሩት ጀግኖች ብቻ ይሆናሉ። ጀግና ደግሞ በየቀኑ አይገኝም።

ፖለቲካውን የማየው በዚሁ ዓይን ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 ላይ ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የሚለውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ተገዢነታቸው ለሦስት ነገር ነው ይላል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡ እና ለኅሊናቸው። ኅሊና በሕግ ተጽፏል። ከዚያም እዚያው አንቀጽ ውስጥ አንድ አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ ይደነግጋል። ሕጉ ኅሊናን ጠርቶ ሜዳ ላይ አልተወውም፤ አጥር አጠረለት። ወረቀት ላይ ያለውን አጥር በተግባር ማቆም ደግሞ የመሪዎች፣ የፓርቲዎችና የእኛ የመራጮች ሥራ ነው። አባሉ ከፓርቲው ተለይቶ ድምፅ ሲሰጥ «ከሃዲ» የምንለው እኛ ከሆንን፣ አጥሩን እየነቀልን ነው። «ችግሩ መሪዎቻችን ናቸው ወይስ እኛ?» ላልሽው መልሴ ይኸው ነው። ሁለታችንም ነን፤ ድርሻችን ግን እኩል አይደለም። ወንበሩን የያዘው የበለጠውን ይይዛል። አንቺም ስምንት ሰው ፊት ወንበር ይዘሻል።

ከወንድምሽ ጋር ማውራት ማቆማችሁ ከቢሮውም በላይ አሳስቦኛል። ብዙ ቤት እንዲህ ሆኗል። በአማርኛ «አሉ» የምትባል ትንሽ ቃል አለችን። «እንዲህ ሊያደርጉ ነው አሉ።» ማን አለ? እንዴት አወቀ? ተሳስቶ ቢሆን በምን እናውቃለን? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለወንድምሽ ወሬ ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ ላንቺ ወሬ አቅርቢያቸው። ሌላ ፈተናም አለ፤ ራሴን በየቀኑ የምፈትንበት ነው። የምደግፈው ወገን ያደረገውን ነገር ስሰማ «ይህንኑ ያኛው ወገን አድርጎት ቢሆን ምን እል ነበር?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ያሳፍረኛል። ግን ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር መነጋገር እችላለሁ።

ለወንድምሽ ደውዪለት። በፖለቲካ አትጀምሪ። ቡና ጋብዢውና «አንተ ልክ ነህ የምትልበትን አንድ ነገር አስረዳኝ፤ አላቋርጥህም» በይው። ከዚያም አታቋርጪው። ሲጨርስ የተናገረውን በራስሽ አፍ መልሰሽ ንገሪውና «በትክክል ተረድቼሃለሁ?» ብለሽ ጠይቂው። «አዎ» እስኪልሽ ድረስ የራስሽን ሐሳብ አታምጪ። ያን ቀን ጊዜው ቢያልቅ እንኳ ችግር የለም፤ ለሌላ ቀን ቀጠሮ ያዙ።

ያ ባለፈው ወር ያለፈው ውሳኔ ደግሞ አልረፈደም። ከሰኞው ስብሰባ በፊት ሁለት ሦስት ቀን አለሽ። ምን ላይ እንደከበደ ቁጠሪና በአንድ ገጽ ጻፊው። ቢሯቸው ስትገቢ «ባለፈው መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም፤ ይቅርታ» ብለሽ ጀምሪ። ብዙ አለቆችን ይህ ዓረፍተ ነገር ሲያለዝባቸው አይቻለሁ፤ ጥፋቱን ለራስሽ ስለወሰድሽ መከላከል አያስፈልጋቸውም። እኔ ይህን ለእትዬ ለመናገር ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ንብረት ክፍል ድረስ ወርጄ ነገርኳት። ሻይ አዘዘችልኝ። ከዚያ ደብተሯን ከፈተችና በሚቀጥለው ዓመት ግዥ ላይ የሚያሰጓትን ሌሎች አራት ዕቃዎች አነበበችልኝ።